ዝም በል የተባለ እጅ

የሥዕል ክፍላችን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣
አራት ሰዓት ሲሆን መንጣጣት የሚጀምረው።
አንዲት ቬንትሌተር አንገቷን ታዞራለች፣
ከምታቀዘቅዘው ወረቀት ትበትናለች፤
ከደቻቱ አሸዋ ድንጋይ ለቅመን መጣን፣
በየማዕዘኑ ላይ አንዳንድ አስቀመጥን።

ከሰሉን ያከሰልኩት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ፣
በባዶ የድልህ ጣሳ፣ ቅዳሜ ማልጄ፤
የሚሸጠው ውድ ነው፣ የኪሴም ነገር ይታወቃል፣
የግራር ጭራሮ ግን በነጻ ይነዳል፣ በነጻ ይጠቁራል።

አባቴ ታይዋን ገበያ ሸሚዝ ይሸጣል።
"ሥዕል" ያልኩት ለታ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ሳቀ፣
"ይሄ እኮ ይችሉታል እንጂ ይማሩታል እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።
እኔም አላወቅሁም፤ ዛሬም አጣርቼ አላወቅሁም፣
ዩኒቨርሲቲው በር ላይ መታወቂያ ሳሳይ ግን አላፈርሁም።

ማክሰኞ አንድ ሽማግሌ ሽርጥ ለብሰው መጡ፣
ወንበሩን ፈትሸው በዝግታ ተቀመጡ።
ሮብሌ ነው ስማቸው፤ "በዝናብ የተወለደ ማለት ነው" ይላሉ፣
ዝናብ እንደ እንግዳ በሚመጣበት አገር፣ በራሳቸው ይቀልዳሉ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ከድሬ ጅቡቲ የተጓዙ፣
የኋላው ፉርጎ ላይ ቆመው ፍሬን የያዙ።

መምህር ጉደታ "አንድ ሰዓት ሙሉ እንዳይነቃነቁ" ብለው አስጠነቀቁ፣
"ሞዴል ማለት ድንጋይ ነው።" ሮብሌም ራሳቸውን ነቀነቁ።
እግራቸው ድንጋይ ሆነ፤ ደረታቸው ጸጥ አለ፣
ሂና የነካው ጺማቸው የቆመ ባቡር ዝገት መሰለ።

ቀኝ እጃቸው ግን።

ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንደተኛ ነቃ፣
የሌለ መዘውር ጨበጠ፣ አዞረ፣ አጠበቀ፣ አላላ፤ በቃ።
ከአፍታ በኋላ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ቁልቁለት እንደመጣ፣
ጨበጠ። አዞረ። ከክርናቸው ጅማት እንደ ገመድ ወጣ።

"እጁን ተዉት" አሉ መምህሩ፣ "ዝም ያለውን ያዙ።"
የክፍሌ ልጆች እጁን በሽርጡ እጥፋት አደነዘዙ።
እኔ አልቻልኩም። እጁ በሄደበት ከሰሌ ሄደ፣
አንዱን ሳልጨርስ ሌላው በላዩ ወረደ፣
ላቤ ጠብ ሲልበት መስመሩ ተቅበጠበጠ፣
ሰዓቱ ሲያልቅ ሽማግሌው ስምንት እጅ አውጥቶ ተቀመጠ።

መምህር አዩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣
ለስምንት እጅ የሚበቃ አንድ ቃል ፈለጉ፣
አጡ መሰለኝ፤ ጥጉ ላይ "ሲ ፕላስ" ጻፉ፣
"ረምላ፣ አንድ ሰው አንድ ቀኝ እጅ ነው ያለው" ብለው አለፉ።

ወረቀቱን ያነሳው ፈይሰል ነው፣ የቴአትሩ፣
(እነሱና እኛ አንድ አዳራሽ ነን፤ መጋረጃ ነው ድንበሩ)
"ይሄ ሥዕል አይደለም አቦ፣ ልምምድ ነው!" አለና፣
ስምንቱን እጅ አንድ በአንድ በትከሻው አጠና።

ሰኔ መጨረሻ፣ ማታ፣ ከካፌ ወንበር ተሸክመን፣
ሁለት አምፖል በቀይ ፌስታል ጠቅልለን
(አንዱ ቀለጠ፤ ሽታው እስከ መጨረሻው አልለቀቀንም)
ፈይሰል ብቻውን ቆመ። ባቡር የለ፣ ሐዲድ የለ፣
እጁ ጨበጠ፣ አዞረ፤ አዳራሹ ቁልቁል የወረደ መሰለ።
ሰው አጨበጨበ።

ሮብሌ አላጨበጨቡም፣
ተነሥተው መድረኩን ሲወጡ ማንንም አላስፈቀዱም።
"ዋሪያ! እንዲህ አይደለም፤ ነፋሱ በግራህ ነው፣
ክንድህ አይደለም ባቡር የሚያቆመው፣ ወገብህ ነው።
ከፊትህ ያሉት ፉርጎዎች ሰው ጭነዋል፣ አትርሳ።"
ልጁ በርከክ አለ፣ በእሳቸው እጅ ተደግፎ ተነሳ፣
እንደገና ጨበጠ።
አሁን ማንም አላጨበጨበም፤
ከፊቴ ያለች ሴትዮ የወንበሯን ጠርዝ ይዛ ነበር።

በባጃጅ ወደ ሳቢያን ስንመለስ አባቴ ቃል አልወጣውም።
እጁ ግን ጉልበቱ ላይ ሜትሩን ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ ይጠቀልላል፣
የመንገድ መብራት ሲያገኘው ይቆማል፣ ጨለማ ሲሆን ይቀጥላል።
ከሰል አልያዝኩም።
ባጃጁም ይንገጫገጫል።